የጋሽ ዘለቀ የኋላ ወንበር

ጋሽ ዘለቀ ያረፉ ዕለት የዕድሩ ለፋፊ ስማቸውን ሲጠራ ግማሹ ሰፈር «የትኛው ዘለቀ?» ብሎ ጠየቀ። «ባለ ነጭ መኪናው» ሲባል ግን ሁሉም አወቀ። እናቱን ወይ ልጁን በዚያች መኪና ሆስፒታል ያላደረሰ ቤት በእኛ መንደር ጥቂት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየበሩ ሲወጡ እያንዳንዷ የምታወራው እሷ የተሳፈረችበትን ቀን ነበር። ስለ ሰውየው፣ የት እንደተወለዱ፣ ምን ይወዱ እንደነበር የሚያወራ አላገኘሁም።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እኔም በዚያች መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተኝቼ ባልሄድ ኖሮ ከሌላው ሰው የተሻለ አላውቃቸውም ነበር።

ቤቴል ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባው የኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው የምንኖረው። ጋሽ ዘለቀ ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ትከሻቸው መሪ ላይ እንደተደገፈ የቀረ የሚመስል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰማያዊውን የሥራ ጃኬት አልተዉትም፤ አንገትጌው ነጥቶ፣ ክርኑ ላይ ተጥፎ ይለብሱት ነበር። ከሚስታቸው የተለያዩት ድሮ ነው ይባላል። ልጅ አልወለዱም። ዘመድ ብሎ የሚመጣ ደብረ ማርቆስ የሚኖር የእህታቸው ልጅ ነበር፤ እሱም ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው።

ሰው ሲታመም ይደወልላቸዋል። ሁለተኛ ጥሪ ሳይጠራ ያነሳሉ። መኪናዋ አሮጌ፣ ጀርባዋ ረዘም ያለ የቤት መኪና ናት። በሽተኛውን ከኋላ ያስተኙና መስታወቱን ወደሱ ያዞሩታል፤ የኋላውን መንገድ በጎን መስታወት ነው የሚያዩት። እየነዱ መንገዱን ይነግሩታል። «አሁን ጉድጓድ አለ። ያዝ አድርግ። አለፍነው። አሁን ትንሽ ድንጋይ ነው።» ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው። ካደረሱ በኋላ ወደ ውስጥ አይገቡም፤ የሆስፒታሉ በር ላይ መኪናዋን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ሲመልሱ ቤተሰቡ ግቡና አረፍ በሉ ይላቸዋል። «ሌላ ቀን» ይላሉ። ያ ሌላ ቀን ለማንም ቤት ሲመጣ አላየሁም። በበዓል ድፎ ይላክላቸዋል፤ ሳህኑን አጥበው በአጥር ላይ ይመልሳሉ።

የእኔ ቀን የመጣው ባለቤቴ መንገድ ላይ ሳለ ነው። ባለቤቴ የጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በወር ውስጥ ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ማርገዜን ያወቅነው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ጊዜው ገና ስለነበር ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም። አንድ ጠዋት ጎኔን ወጋኝና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ መነሳት አቃተኝ። ከፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ ጽጌ ጩኸቴን ሰምተው ለጋሽ ዘለቀ ደወሉ። ሆስፒታል ስንደርስ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ነው ተባለና ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና አስገቡኝ። ስነቃ ሁሉም ነገር አልቋል።

ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት ባለቤቴን ድንበሩ ጋላፊ ላይ ወረፋ ይዞት ነበር። ስልክ ላይ ያለቅሳል፣ እኔ አላለቅስም። ሊወስዱኝ የመጡት ጋሽ ዘለቀ ናቸው። ምን ሆነሽ ነው ብለው አልጠየቁኝም። ከቤታቸው ያመጡትን ትራስ የኋላ ወንበር ላይ አድርገው አስተኙኝና መስታወቱን አዞሩት።

አስፋልቱ ላይ ደህና ነበርኩ። ኮብልስቶኑ ላይ ስንገባ መኪናዋ መዝለል ጀመረች። አንድ ድንጋይ ካነሳት መቆም አታውቅም፤ አንዱን ንጥረት ሳትጨርስ ሌላው ይደርስባታል። ስፌቴን በሁለት እጄ ይዤ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ከሙዓለ ሕፃናቱ አጠገብ ስንደርስ ግን ልጆቹ ወደ ቤት የሚወጡበት ሰዓት ነበር። ተኝቻለሁና አላየኋቸውም። ድምፃቸውን ብቻ ሰማሁ፤ አንዱ «እማዬ፣ እማዬ» እያለ በመስኮቱ ሥር ሮጦ አለፈ። ያኔ ሆስፒታል ያልወጣው ልቅሶ ሁሉ ወጣ። ድምፄን መያዝ አልቻልኩም።

ጋሽ ዘለቀ መኪናዋን መንገዱ መሀል አቆሟት። ወርደው ሁለት እጃቸውን ጣሪያው ላይ አድርገው አጎንብሰው ቆሙ። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባ ይነፋል፤ እጃቸውን ዘርግተው እለፍ አሉት። ከዚያ ገብተው፣ በእግር የሚሄድ ሰው እስኪቀድመን ድረስ ቀስ እያሉ ነዱ። መንገዱን መንገር ተዉ። ቤቴ በር ላይ ሲያወርዱኝ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉኝ። «መኪናዋ ናት።»

አይደለም ልላቸው ፈልጌ ነበር። ግን ያን ቃል ካልኩ ሌላው ሁሉ ሊከተል ነው። በሬን ከፍቼ ገባሁ።

አልጋ ላይ በሰነበትኩበት ጊዜ በአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ እሰማ ነበር። እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ቆሜ መሄድ ስችል በአጥሩ ክፍተት አየሁ። ጋሽ ዘለቀ የመኪናዋን ጀርባ በሁለት እጃቸው ወደታች እየተጫኑ ይለቃሉ፤ እስክትቆም ቆመው ያዩዋታል። አይተውኝ ወደ አጥሩ መጡና ነገሩን አስረዱኝ። አሞርዛተሩ ሞቷል አሉ። ሞላው መኪናዋን ያነጥራታል፣ አሞርዛተሩ ደግሞ ንጥረቱን ውጦ ያስቆማታል፤ እሱ ከሞተ የሚያስቆማት የለም። የኋላዎቹ ሁለቱም ዘይታቸውን ጨርሰዋል። ጋራዥ ወስደዋት ነበር፤ መካኒኩ መኪናዋን ትተው እንዲሄዱ ሲነግራቸው ግን መልሰዋት መጡ።

ለምን እንዳልተዉአት ስጠይቃቸው ጥያቄው ገረማቸው። «ሰው ቢደውልስ?» አሉ።

አዲሶቹን አሞርዛተሮች ከሶማሌ ተራ ገዝተው አመጡ። ራሳቸው ግቢያቸው ውስጥ ሊቀይሩ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነዱ ጎማ ከመቀየር ያለፈ ነገር ፈትተው አያውቁም፤ አውቶቡስ ሲበላሽ ሌላ አውቶቡስ ይሰጣቸውና ይሄዳሉ። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ ትንሽ አፍረው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የብረት ድምፅ ሰምቼ ሄድኩ። ክሪኩን አቁመው፣ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ደርድረው፣ የቀኝ የኋላ ጎማዋን አውልቀዋል። እሳቸው ከነጃኬታቸው ማዳበሪያ ላይ ተኝተው ወደ ላይ ያያሉ። ስልኬ ላይ አንድ ሰው አሞርዛተር ሲቀይር የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጌ አሳየኋቸው። ሰውየው የሚናገረው ቋንቋ ለሁለታችንም አይገባንም፤ የምናየው እጁን ብቻ ነው። አሞርዛተሩ ከላይ በአንድ ብሎን፣ ከታች በአንድ ብሎን ታስሯል። ሰውየው መፍቻውን አንዴ ገፋ ሲያደርገው ብሎኑ እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረ። የእኛ አልነቃነቅ አለ። ጋሽ ዘለቀ ስልኩን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና «የሱ መኪና ዝናብ አይታ አታውቅም» አሉ።

ብሎኑን ናፍጣ አጠጣነው። መፍቻው ላይ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አስገብተን አስረዘምነውና አብረን ተጫንነው። እትዬ ጽጌ ከባድ እንዳላነሳ ነግረውኝ ነበር፤ በክንዴ ሳይሆን በክብደቴ ነው የምጫነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። መጨረሻ ላይ ብሎኑ ጮኸና ዞረ። የሞተውን አሞርዛተር ስናወጣው ጋሽ ዘለቀ በእጃቸው ጨመቁት። ገባና በዚያው ቀረ፤ ተመልሶ አልወጣም። አዲሱን ሲጨምቁት ግን እጃቸውን እየገፋ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ ላይ ወጣ። ደጋግመው አደረጉት። አየር እንዲወጣለት ነው ቢሉም ሲወጣ ማየቱን ወደዱት መሰለኝ።

ስልካቸው የጠራው ያኔ ነው። የደወለው ከታች በኩል ያለው ልብስ ሰፊ ነበር፤ አባቱ ወድቀዋል፣ አይናገሩም። ጋሽ ዘለቀ ተነሱ። ጎማ የሌለበትን ብረት አዩት። «ትንሽ ጠብቁኝ» አሉና ጎማዋን አንስተው ወደ ቦታዋ ሊመልሱ ታገሉ። ስለሚቸኩሉ ብሎኖቹ እየወደቁ አፈሩ ውስጥ ይገባሉ፤ እኔ ተንበርክኬ እለቅማለሁ። አንዱን እንዳሰሩ ስልኩ ደግሞ ጠራ። ልብስ ሰፊው በስልክ ታክሲ ጠርቶ ተሳፍረዋል፤ አይድከሙ ለማለት ነው የደወለው። ሽማግሌው በኋላ ድነው ቤታቸው ገብተዋል።

ጋሽ ዘለቀ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ታክሲው ቶሎ ነው የመጣው አሉ» አሉኝ። ቅሬታ አልነበረበትም። ሰው የሰማውን ዜና እንደሚናገር ነው የተናገሩት።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ስልካቸው ጥቂት ጊዜ ነበር የሚጠራው። ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ታክሲ አለው። መኪናዋ ታጥባ፣ ነዳጅ ተሞልታ ቆማ ትውላለች። እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ ይህን ሥራ ለምን እንደጀመሩት ጠየቅኳቸው። ጣታቸው ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ።

«አውቶቡስ ስነዳ ጀርባዬ ሁልጊዜ ሰው ነበረ» አሉ። «ይጨቃጨቃሉ፣ ይስቃሉ፣ ልጅ ያለቅሳል። ፊቴን አዙሬ አላያቸውም፤ ግን አሉ። ጡረታ ስወጣ ከጀርባዬ ዝም አለ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራውን ሊተዉት ነበር። ዕቃውን ይሰበስቡ ጀመር። መፍቻውን አንስቼ መኪናዋ ሥር ገባሁና «ጋሼ፣ ታክሲ አድርሶ ይሄዳል» አልኳቸው። «እኔ ስወጣ በሩ ላይ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ማዳበሪያውን አስተካክለው አጠገቤ ተኙ።

የግራው ከቀኙ ቀለለን። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ብሎኖቹን እስከ መጨረሻው ያጠበቀው መኪናዋን መሬት ካወረደ በኋላ ነው፤ እኛም እንደዚያው አደረግን። ጋሽ ዘለቀ ክሪኩን አውጥተው ጀርባዋን በሁለት እጃቸው ተጫኗት። ወረደች፣ ወጣች፣ ቆመች። እንደገና ተጫኗት። ቆመች።

ቀጥሎ የጠየቁኝን ነገር አልጠበቅኩትም። ዓይኔን ሳያዩ፣ እንደዚያን ቀን ሆነሽ ተኚልኝ አሉ። ትራሱን አመጡት። ተኛሁ። ከግቢ ወጥተን በዚያው ኮብልስቶን ላይ ሄድን። «አሁን ድንጋይ ነው» ይላሉ፤ መኪናዋ ትነሳና ትቀመጣለች። «አሁንስ?» ይላሉ። ደህና ነው እላቸዋለሁ። ድንጋዩ ድንጋይ ነው፣ አልጠፋም፤ ግን ካለፈ በኋላ ያልፋል። ሙዓለ ሕፃናቱ አጠገብ ስንደርስ መስታወቱ ውስጥ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ቅዳሜ ስለሆነ ልጅ የለም። «እዚህስ?» አሉ። አያምም አልኩ።

ከዚያ ጥግ ይዘው አቆሙና መንጃ ፈቃድ እንዳለኝ ጠየቁኝ። ነበረኝ፤ ያልነበረኝ መኪና ነው። እሳቸው ከኋላ ሊተኙ፣ እኔ ልነዳ። ስንት ዓመት በሽተኛ ያመላለሱባት ወንበር ላይ አንድ ቀን ቁጭ ብለው አያውቁም። ረጅም እግራቸውን አጥፈው፣ ጉልበታቸውን የፊተኛው ወንበር ላይ አስደግፈው ተኙ። ሞተሩ እየጠፋብኝ፣ እየተንገጫገጭኩ ተነሳሁ። እንደ ሌላ ሾፌር አላረሙኝም። ትንሽ እንደሄድን ከኋላ ድምፃቸው መጣ።

«ከዚህ የሚታየው ሽቦና ሰማይ ብቻ ነው» አሉ። «ይህን እያየሽ ነው የሄድሽው?»

አዎ አልኳቸው። አስፋልቱ ላይ ወጥተን ወደ አየር ጤና ስናቀና መንገዱ ጭር ያለ ነበር። ፊታቸውን ስለማላየው መናገር ቀለለኝ። ያን ቀን ያለቀስኩት በመኪናዋ እንዳልነበረ ነገርኳቸው። ልጅ እንደነበረ፣ እንደሌለ፣ ባለቤቴ በመጣ ቁጥር ስለ ልጁ ሳናነሳ እራት በልተን እንደምንተኛ፣ እናቴ እስካሁን ምኑንም እንደማታውቅ። ለማንም ያላልኩትን ሁሉ አልኩ። ዝም አሉ። እያዳመጡ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ስጨርስ መስታወቱን ወደሳቸው አዞርኩት። አፋቸውን ትንሽ ከፍተው፣ ግራሶ የነካው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። መቼ እንደተኙ፣ ከየትኛው ቃል በፊት እንደሆነ አላውቅም።

ቤት ብመልሳቸው ይነቃሉ ብዬ አልተመለስኩም። ዞሬ ዞሬ በአስኮ በኩል እስከ ሳንሱሲ ድረስ ነዳኋቸው። ጉድጓድ ሲመጣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጉድጓድ ነው» እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። የሰው መኪና፣ የተኛ ሽማግሌ፣ የማላውቀው መንገድ። ያን ቀን እንደዚያ ብቻዬን ሆኜም ደህና ነበርኩ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም መናገር አልችልም። ነቅተው የት እንዳሉ ሲያዩ ቀና ብለው ፀጉራቸውን አስተካከሉ። ስንመለስ ሻይ ልስጥዎ ብዬ ለመንኳቸው።

«ሌላ ቀን» አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት እንደ ድሮው አለፉ። ጎረቤት ነን፣ በአጥር ላይ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ስልካቸው አንዳንዴ ይጠራ ነበር፤ በአብዛኛው ታክሲ መጥራት የማያውቁ አሮጊቶች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የመኪናዋን ጀርባ አንዴ ተጭነው ያዩዋታል።

የሞቱ ቀን ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ሞተሯ ሲነሳ ሰምቻለሁ። ደግሞ ማንን ሊያደርሱ ነው ብዬ አስቤ ልብሴን ማስጣት ቀጠልኩ። ከሰዓት በኋላ ዕድሩ ለፈፈ።

ከቀብሩ በኋላ የእህታቸው ልጅ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ከሆስፒታሉ የተሰጠውን ቁልፍ ይዞ ቤቴ ገባ። መኪናዋ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው ያለችው፣ እሱ መንዳት አይችልም፣ ጎረቤቶቹ ደግሞ አንቺ አንዴ ነድተሻታል ብለውታል። በታክሲ ሄድኩ። መኪናዋ አጥር ሥር፣ ለአምቡላንስ መንገድ ለቃ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ጥበቃው መውጫ ከመፍቀዱ በፊት ለጋሽ ዘለቀ ምናቸው እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ጎረቤት ነኝ አልኩት። ሰውየው ሽማግሌውን ያስታውሳቸው ነበር፤ ብዙ ጊዜ በሩ ላይ ቆመው ሰው ሲጠብቁ አይቷቸዋል።

«የዚያን ቀን እዚህ መቆም አይቻልም ልላቸው ነበር» አለኝ። «በሽተኛ ነው ያመጣሁት አሉኝ። የኋላውን ወንበር አየሁ፣ ሰው የለም። የታለ በሽተኛው ስላቸው፣ እኔ ነኝ አሉና ቁልፉን ሰጥተውኝ በእግራቸው ገቡ።»

መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ስልኬን አውጥቼ የዚያን ጠዋት ጥሪዎች ፈለግኩ። አልደወሉልኝም። እኔ ከአጥሩ ማዶ፣ እጄ በሳሙና እንደረጠበ፣ ቆሜ ነበር። በስማቸው ብጠራቸው ይሰሙኝ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ የሚደረገውን ለራሳቸው መጠየቅ እንዴት እንደሆነ አያውቁበትም ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ፤ ያን ዕለት ግን ተቆጣሁባቸው። ሞተሩን ሳላስነሳ መሪው ላይ ተደፍቼ ብዙ ቆየሁ።

ቀስ ብዬ ነድቼ ሰፈር ደረስኩ። ልጆች መኪናዋን አይተው ጨዋታቸውን አቁመው ቆሙ። የጋሽ ዘለቀ በር ላይ ስደርስ ሳላስበው ጡሩምባ ነፋሁና ጠበቅኩ፤ እኛ ቤት ባለቤቴ ሲመጣ እንደዚያ ነው፣ እሱ ይነፋል፣ እኔ ሮጬ እከፍታለሁ። ማንም አልወጣም። ወርጄ የብረቱን በር ከፈትኩ። ተመልሼ ገብቼ መኪናዋን አስገባሁ። ደግሞ ወርጄ በሩን ዘጋሁ።